ልውጥ ፍራፍሬ፦ ክርክሩ ከሆድ ወጥቶ ወደ ማሳው ይሂድ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በዘረመል ምህንድስና ስለተለወጡ ፍራፍሬዎች የሚካሄደው ክርክር ሁለት ጎራ ይዞ ቆሟል። አንዱ ወገን «መርዝ ነው» ይላል፤ ሌላው «ያለ እሱ መጪውን ትውልድ መመገብ አይቻልም» ይላል። የትኛው ፍሬ? ምን ዓይነት ዘረመል ገባበት? ወይስ የነበረው ነው እንዳይሠራ የተደረገው? ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ በበኩሌ ጥቅሙም ጉዳቱም እንደ ፍሬው ይለያያል ባይ ነኝ። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ጉዳት ደግሞ ብዙ ሰው በሚፈልግበት በበላተኛው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ማሳው፣ ችግኝ ጣቢያውና ገበያው ላይ የሚገኘው ነው።

በቅድሚያ ጉዳዩ የማይመለከታቸውን ከክርክሩ እናስወጣ። ዘር አልባ ሐብሐብ በዘረመል ምህንድስና የተሠራ አይደለም። ኮልሺሲን በተባለ ንጥረ ነገር የክሮሞዞሙ ቁጥር እጥፍ የተደረገ ተክል ከተራው ጋር ይዳቀልና ልጁ ሦስት ጥንቅር ክሮሞዞም ይዞ ይወለዳል፤ ሦስት ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ዘር ማፍራት ያቅተዋል። የገበያው ሙዝ በተፈጥሮው እንዲሁ ነው። ሪዮ ሬድ የሚባለው ቀይ ግሬፕፍሩት የተገኘው የዛፉን እምቡጥ በጨረር በመምታት ነው። ጨረሩ ዘረመሉን የት የት እንደነካው ሳይመረመር ፍሬው ገበያ ገባ፤ አንድም ሰው ሰልፍ አልወጣበትም። ፍሬ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር በ8 ከጀመረ ልውጥ ነው የሚባለውም ወሬ ነው። 8 ለዚህ ሥራ ታስቦ የነበረ ቢሆንም በመደብር ውስጥ አልዋለም። በ9 የሚጀምረው ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ግን እውነትም ኦርጋኒክ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አበጥረን ስንጨርስ የሚቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፦ ቫይረስ የሚቋቋመው ፓፓያ፣ ሲቆረጥ የማይጠቁረው አፕል፣ ሮዝ አናናስ፣ ሐምራዊ ቲማቲም፣ ፍሬ ቦርቧሪ ትልን የሚቋቋም ደበርጃን፣ ጥቂት የዱባ ዓይነቶችና ለጊዜው ከፈቃድ አልፎ ገበያ ያልገባ አንድ ሙዝ።

ፓፓያውን የማስቀድመው ማስረጃው ከሁሉም የጠራ ስለሆነ ነው። የፓፓያ ቀለበት ነጠብጣብ ቫይረስ የያዘው ዛፍ በሩቅ ይታወቃል። ለጋ ቅጠሎቹ በቢጫና በአረንጓዴ ይዥጎረጎራሉ፣ እየጠበቡም ሄደው የጫማ ክር ይመስላሉ፤ የቅጠሉ ዘንግና የግንዱ ጫፍ ላይ ዘይት የነካው የሚመስል ጭረት ይወጣል፤ ፍሬው ላይ ክብ ክብ ቀለበቶች ይታያሉ። ዛፉ በልጅነቱ ከተያዘ ጭራሹን ላያፈራ ይችላል። በሽታውን የሚያዛምተው ክሽክሽ ነው፤ ጸረ ተባይ የማያዋጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክሽክሹ የታመመውን ቅጠል ለሰከንዶች ሲወጋ ቫይረሱ አፉ ላይ ይቀራል፣ ቀጥሎ የሚያርፍበትን ጤነኛ ዛፍ በአንዲት ቅምሻ ይበክለዋል። መድኃኒቱ ነፍሳቱን የሚገድለው ከዚያ ቆይቶ ነው፤ እንዲያውም ተረብሾ ከዛፍ ዛፍ ሲበር ሥርጭቱን ሊያፋጥነው ይችላል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር የሚሠራው ማሳው ከሌላ የፓፓያ እርሻ ርቆ ለብቻው ካለ ብቻ ነው።

የሃዋይ ፓፓያ አምራቾች በዚህ ቫይረስ ምክንያት ቀድሞ ከኦዋሁ ደሴት ተነሥተው ፑና ወደተባለው የሌላኛው ደሴት አካባቢ ሄደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ቫይረሱ ፑናም ገባ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የአካባቢው ምርት ወደ ግማሽ ወረደ። የእፅዋት በሽታ ተመራማሪው ዴኒስ ጎንሳልቬስና ባልደረቦቹ ሥራውን የጀመሩት ችግሩ ፑና ከመድረሱ በፊት መሆኑ በጀ። የወሰዱት ከለዘብተኛው የቫይረሱ ዝርያ ውጫዊውን የፕሮቲን ሽፋን የሚያዘው ዘረመል ነው። በጥቃቅን የብረት ቅንጣት ላይ ለብጠው በዘረመል መተኮሻ መሣሪያ ወደ ፓፓያ ሕዋሳት አስገቡት፤ ከሕዋሱም ሙሉ ተክል አበቀሉ። በመጀመሪያ ተክሉን የሚጠብቀው ፕሮቲኑ ነው ተብሎ ታስቦ ነበር። ኋላ እንደታወቀው ግን ተክሉ ከዘረመሉ የሚወጣውን አርኤንኤ (የዘረመሉን መልእክት የያዘ ቅጂ) አውቆ የመቆራረጥ ልማድ ያዳብራል፤ ቫይረሱ ሲመጣ ተመሳሳይ ጽሑፍ ይዞ ስለሚገኝ እሱንም ይቆራርጠዋል።

ከዚህ የተገኘው ባለ ቀይ ሥጋው ሰንአፕ ነው። ሰንአፕ ካፖሆ ከተባለው ባለ ቢጫ ሥጋ ፓፓያ ጋር ሲዳቀል ሬይንቦው ተገኘ፤ በ1998 ዘሩ ለአምራቾች በነጻ ታደለ። ምርቱም አገገመ። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ሌላ ጥቅም ደግሞ አለ፤ ልውጡ ፓፓያ በሰፊው ሲተከል በአካባቢው የቫይረሱ ብዛት ስለቀነሰ ያልተለወጠውን ካፖሆ መልሶ ማልማት ተችሏል።

እንግዲህ የማሳው ችግር ከዚህ ይጀምራል። ሬይንቦው ድቅል ነው፤ ዘረመሉን የወረሰው ከአንድ ወላጁ ብቻ ነው። ከፍሬው ዘር አስቀርቶ የሚዘራ ሰው በአማካይ ከአራት ችግኝ አንዱን ጥበቃ የሌለው ሆኖ ያገኘዋል፤ የሥጋው ቀለምም ይዘበራረቃል፣ አራተኛው እጅ ቀይ ይሆናል። ቫይረሱ ባለበት አካባቢ ከማሳው ሩብ ያህሉ ሲታመም «ቴክኖሎጂው ከሸፈ» ይባላል፤ የከሸፈው ግን ዘሩን ሲሸጥ ይህን ያልተናገረው ሻጭ ነው። ከዚህ የሚብሰው ጥበቃው ለቫይረሱ ዝርያ የተቆረጠ መሆኑ ነው። ጽሑፉ ሃዋይ ካለው ቫይረስ ጋር ስለሚገጥም እዚያ ይሠራል፤ ከሌላ አህጉር የመጣ ራቅ ያለ ዝርያ ግን ሬይንቦውን ሊያሳምመው እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ «ቫይረስ የሚቋቋም ፓፓያ» የሚባለውን አንድ አገር አይቶ ወደ ሌላው ማሻገር ዋጋ ያስከፍላል። መጀመሪያ በቦታው ያለው ቫይረስ መነበብ፣ ከዚያ ዘረመሉ ከዚያው ቫይረስ መወሰድ አለበት።

ከአበባ ወደ አበባ የሚሄደው ብናኝስ? በዚህ ላይ ያለው ስጋት እውነትነት አለው፤ መጠኑን ግን ማወቅ ይገባል። የፍሬው ሥጋ የእናቲቱ አካል ነው። ያልተለወጠ ዛፍ አበባ ላይ የልውጥ ፓፓያ ብናኝ ቢያርፍ ሥጋው አይለወጥም፤ የሚለወጠው ውስጡ ያለው ዘር ነው። የፓፓያ ዘር ስለማይበላ ለተመጋቢው ልዩነት የለውም፤ ከራሱ ፍሬ ዘር ለሚያስቀር ኦርጋኒክ አምራች ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። እንስት ዛፍ ሙሉ በሙሉ ከውጭ በሚመጣ ብናኝ ስለምትተማመን ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ሁለቱንም ጾታ የያዘ አበባ ያለው ዛፍ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ዘሩን ንጹሕ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ከእንዲህ ያለው ዛፍ ላይ ገና ያልፈነዳ እምቡጥ መርጦ በወረቀት ከረጢት ይሸፍን፣ ፍሬ እስኪቋጠር አይክፈተው፣ ከዚያ ፍሬው ላይ ምልክት ይሰር። አበባው ከፈነዳ በኋላ መሸፈን ዋጋ የለውም።

የተጠራጠረ ደግሞ መመርመር ይችላል። ሬይንቦው ውስጥ ከቫይረሱ ዘረመል ጋር ገስ የሚባል ምልክት ሰጪ ዘረመል አብሮ ገብቷል። ከዘሩ ላይ ጥቁሩን ቆዳ ገልጦ ነጩን ፅንስ ማውጣት፣ ኤክስ ግሉክ በተባለ ፈሳሽ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ በ37 ዲግሪ ሙቀት ማሳደር ነው። ሰማያዊ ከሆነ ልውጥ ነው፣ ነጭ ሆኖ ከቀረ አይደለም። አንድ ዘር ብቻ መርምሮ መደምደም ግን ስህተት ነው። ብናኝ የገባበት ፍሬ ሰማያዊውንና ነጩን ቀላቅሎ ሊይዝ ስለሚችል ከአንድ ፍሬ ብዙ ዘር መውሰድ ያስፈልጋል።

ጃፓን ሬይንቦውን እስከ 2011 መጨረሻ ስላልተቀበለች የሃዋይ ላኪዎች ለዓመታት ሁለት የተለያየ ማሳ፣ ሁለት የተለያየ ማሸጊያና ተደጋጋሚ ምርመራ መሸከም ነበረባቸው። ታይላንድ ውስጥ በ2004 ገና ያልተፈቀደ ልውጥ ፓፓያ ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ገበሬ ማሳ ላይ ተገኘ፤ የመስክ ሙከራውም ቆመ። ሁለቱም ጉዳይ ላይ የታመመ ሰው አልነበረም። ወጪው የወረደው ግን ቴክኖሎጂውን በመረጠውም ባልመረጠውም አምራች ላይ ነው፤ ልውጥ ፍሬ ሲታሰብ በቅድሚያ ሊሰላ የሚገባው ይህ ወጪ ይመስለኛል።

ወደ ሆድ ጉዳይ ልምጣ። አዲስ ፕሮቲን የገባበት ፍሬ ከመፈቀዱ በፊት የፕሮቲኑ የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ከታወቁ የአለርጂ ፕሮቲኖች ጋር በ80 በ80 እየተቆረጠ ይነጻጸራል፤ ከ35 በመቶ በላይ ከተመሳሰለ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ በጨጓራ አሲድና ፔፕሲን ውስጥ ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈርስ ይታያል፤ ሳይፈርስ የሚቆይ ያስጠረጥራል። ጥርጣሬ ካለ በአለርጂው ከሚሠቃዩ ሰዎች በተወሰደ የደም ውሃ ይፈተሻል። ስኳሩ፣ ቫይታሚኑና ተክሉ በተፈጥሮው የሚያመነጨው መርዝም ከእናት ዝርያው ጋር ይነጻጸራል። ምርመራው ይሠራል ወይ ለሚል፣ የብራዚል ለውዝ ዘረመል የገባበት አኩሪ አተር ታሪክ መልስ ይሰጣል። በ1996 በታተመው ጥናት የለውዙ አለርጂ ወደ አኩሪ አተሩ መሻገሩ በዚሁ የደም ውሃ ፍተሻ ተደረሰበት፤ ተክሉም ገበያ ሳይደርስ ቀረ።

በፓፓያው ላይ ደግሞ ተቺዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ ሰው ቫይረስ የያዘው ተራ ፓፓያ በበላ ቁጥር ያንኑ የቫይረስ ፕሮቲን በብዙ እጥፍ ሲበላ ኖሯል። የአሜሪካ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች በ2016 ባወጡት ሪፖርት ልውጥ ሰብሎች በተለመደው መንገድ ከተዳቀሉት የበለጠ ለጤና አደገኛ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ አላገኙም። የዓለም ጤና ድርጅትም ገበያ ላይ ስላሉት የሚለው ተመሳሳይ ነው፤ ነገር ግን ድርጅቱ በጅምላ ደህና ናቸው ማለት እንደማይቻልና እያንዳንዱ ለየብቻው መመርመር እንዳለበት አብሮ ይናገራል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ ደጋፊዎች ሲጠቅሱት አይሰማም። የምርመራው ድክመትም ግልጽ ነው፤ ንጽጽሩ ከታወቀ አለርጂ ጋር ነው፣ ፈጽሞ አዲስ የሆነውን ሊስተው ይችላል።

አፕሉ ሌላ ዓይነት ነው። አፕል ሲቆረጥ የሚጠቁረው ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ስለሚገናኙ ነው። ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በአንዱ የሕዋስ ክፍል፣ የሚሠራባቸው ፌኖሎች በሌላው ይቀመጣሉ፤ ቢላው ግድግዳቸውን ሲያፈርስ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተገናኝተው ቡናማ ቀለም ይፈጥራሉ። አርክቲክ በሚል ስም የሚሸጠውን የሠራው የካናዳ ኩባንያ ኢንዛይሙን የሚያዙትን ዘረመሎች በአፕሉ በራሱ ቅደም ተከተል ጸጥ አሰኛቸው፤ አሜሪካ በየካቲት 2015 ፈቀደችው። የሚሸጠው በአብዛኛው ተቆርጦ በከረጢት ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ሻጩ መጥቆርን በሚከላከለው ካልሲየም አስኮርቤት ውስጥ መንከር አያስፈልገውም፣ ስለጠቆረ ብቻ የሚጣለውም ይቀንሳል። ጉዳቱ ግን የሚመነጨው ከዚያው ከጥቅሙ ነው። መጥቆር መበስበስ አይደለም፤ አለመጥቆርም ትኩስነት አይደለም። የተቆረጠው ገጽ ላይ ባክቴሪያና ሻጋታ እንደማንኛውም አፕል ያድጋሉ፤ በ4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካልተቀመጠ ነጭ ሆኖ ይበላሻል። ዓይን የለመደው ማስጠንቀቂያ ስለጠፋ ከረጢቱ ላይ ያለውን ቀን ማየት ግድ ነው።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ድካም ያስፈልግ ነበር? በተለመደው ማዳቀል የተገኘና ቶሎ የማይጠቁር ኦፓል የሚባል አፕል አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሮ የተቆረጠውን አምስት ደቂቃ መንከር ለሰዓታት ያቆየዋል፤ አሲዱ ኢንዛይሙን ያዳክማል፣ ቫይታሚን ሲው ደግሞ ቀለሙ እንዳይፈጠር ይከላከላል። ችግሩ አነስተኛ ከሆነ መፍትሔውም በዚያው ልክ ሊመዘን ይገባል። ሮዙን አናናስማ ከዚህም አሳንሼ ነው የማየው። ቢጫ የሚያደርገውን ኢንዛይም ቀንሰው ላይኮፒን በሥጋው እንዲጠራቀም አደረጉ፤ ላይኮፒን ቲማቲምን የሚያቀላው ቀለም ነው፣ እንደ ልብ የሚገኝ። አናናስ ከአክሊሉ ስለሚባዛ ፍሬው የሚሸጠው አክሊሉ ተቆርጦ ነው። ገዢው ፍሬውን እንጂ ተክሉን አልገዛም ማለት ነው።

ሙዙ ግን ከልብ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። ለዓለም ገበያ የሚቀርበው ሙዝ በአብዛኛው ካቨንዲሽ ነው፤ ዘር ስለሌለው ከእናት ተክሉ ግርጌ በሚወጣ ቡቃያ ወይም በላቦራቶሪ ስለሚባዛ ሁሉም መንትያ ነው። ከእሱ በፊት የነበረውን ግሮ ሚሼልን ፊውዛሪየም የተባለ የአፈር ፈንገስ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከገበያ አስወጣው፤ አሁን ትሮፒካል ሬስ 4 የሚባለው ዝርያ ካቨንዲሽን ይዞታል። መድኃኒት የለውም፣ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የኩዊንስላንድ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ዴልና ባልደረቦቹ ከዱር ሙዝ አርጂኤ2 የሚባል ዘረመል ወስደው ካቨንዲሽ ውስጥ አስገቡ፤ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በየካቲት 2024 ለምግብነት ፈቀዱት። እዚህ ላይ የብናኝ ስጋት የለም ማለት ይቻላል፣ ካቨንዲሽ መካን ነውና።

ሆኖም ልውጡ ሙዝ ሁለት ነገር አያርምም። አንደኛ፣ ማሳው አሁንም የአንድ ተክል ቅጂ ነው፤ ፈንገሱ አንዱን ዘረመል የሚያልፍበት መንገድ ካገኘ ሁሉንም ያገኛል። ሁለተኛ፣ የሚቋቋም ተክል የቆመበት አፈር ፈንገስ የለበትም ማለት አይደለም። ጫማ፣ አካፋና የትራክተር ጎማ ላይ የተጣበቀው ጭቃ ወደ ጎረቤት ማሳ ይዞት ይሄዳል። በመግቢያው ላይ ጫማ ማጠብ፣ መጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽ ካስለቀቁ በኋላ ጸረ ተሕዋስያን ውስጥ መንከር (ጭቃ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት ብዙም አይሠራም) እና የማሳውን መሣሪያ ከማሳው አለማውጣት ልውጡ ሙዝ ከተተከለም በኋላ የሚቀሩ ሥራዎች ናቸው። «ይቋቋማል» ተብሎ ይህ ጥንቃቄ ቢላላ የጎረቤቱ ተራ ሙዝ ነው የሚያልቀው።

ደበርጃኑም ተመሳሳይ ሥራ ይጠይቃል። ባንግላዴሽ በ2013 የፈቀደችው ዝርያ ፍሬ ቦርቧሪ ትልን የሚገድል የባክቴሪያ ፕሮቲን ያመርታል፤ መርጨትን በእጅጉ ያስቀራል፣ ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን በማሳው ዳር ዳር ያልተለወጠ ደበርጃን ካልተተከለ በሕይወት የሚተርፉት ፕሮቲኑን የለመዱ ትሎች ብቻ ይሆኑና እርስ በርስ ይራባሉ። ዳር ያለው ተራ ተክል ያልለመዱትን ስለሚያኖር ቅልቅሉ ልምዱን ያዘገየዋል። ለዚያ የሚሰጠው መሬት እንደ ብክነት ስለሚታይ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀረውም እሱ ነው።

ዘረመል ደካማ ዝርያን እንደማያድን በ1994 የወጣው ፍሌቨር ሴቨር ቲማቲም አሳይቷል። ቶሎ እንዳይላሽቅ ተብሎ የሕዋስ ግድግዳ አፍራሹ ኢንዛይም ተቀነሰለት፤ ፍሬው ግን ማጓጓዙን በደንብ አልቻለም፣ የመረጡት ዝርያም ምርታማ አልነበረም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ከገበያ ወጣ። የፈቃድ ወጪም ሌላው ማነቆ ነው። ሃኒስዊት የተባለው ቫይረስ የሚቋቋም ፕለም አሜሪካ ውስጥ በሦስት መሥሪያ ቤቶች ለማለፍ ከ2007 እስከ 2011 ወስዶበታል፤ ከዚያ በፊት የዛፍ ሙከራው ዓመታት አሉ። ያንን የሚችለው የመንግሥት ምርምር ወይም ትልቅ ኩባንያ ነው። ለድሃ ገበሬ የሚጠቅመው ፍሬ ሳይሆን ገዢ ያለው ሮዝ አናናስ ቀድሞ ቢደርስ አይገርመኝም።

መለያን በተመለከተ ያሉት ሕጎች መጠን ይለያያሉ። በአውሮፓ ኅብረት ሳይታሰብ የገባው ከ0.9 በመቶ ካለፈ ይጻፋል፤ በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ደንብ እስከ 5 በመቶ ይታገሣል። ሁለቱም «ልውጥ» ከማለት አያልፉም። ገዢ የሚያስፈልገው ግን ምን እንደተለወጠ፣ ዘረመሉ ከየት እንደመጣና አዲስ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ ነው፤ ችግኝ ገዢ ደግሞ ተክሉ ድቅል መሆኑን፣ ዘሩ ይቀመጥ እንደሆነና የሚቋቋመው የትኛውን የበሽታ ዝርያ እንደሆነ ማወቅ አለበት። ይህ ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል።

ወረቀቱ ከችግኝ ጣቢያው ይጀምር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የሬይንቦው ፓፓያ ዘር በምርመራ ሰማያዊ ስለሚሆን ማንም ላቦራቶሪ ይለየዋል። ጃፓን በ2021 መሸጥ የጀመረችው ጋባ የሚባለው ንጥረ ነገር የበዛለት ቲማቲም ግን በዘረመል አርትዖት የተሠራ ነው፤ የባዕድ ዘረመል ሳይቀርበት የራሱ ፊደል ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ተነክቷል። እንዲህ ያለ ለውጥ በተፈጥሮም ሊደርስ ስለሚችል ፍሬው ገበያ ላይ ከተዘረገፈ በኋላ የሰው እጅ ይሁን የተፈጥሮ በምርመራ ማረጋገጥ አዳጋች ነው። የሚያስታውቀው ችግኙ ሲወጣ አብሮት የተመዘገበው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የእፅዋት ማዳቀል ባለሙያ